ነጂው ልክ አይደለም

በዚህ ነገር ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን። ስማችንን አልጽፍም፤ ሁላችንም በሕይወት አለን፣ መንገድ ላይም እንገናኛለን። የመጀመሪያው እኔ ነኝ፤ አዳማ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ሱቅ ያለኝ፣ ሙያውን ከተበላሹ ሬዲዮኖችና ሰው ከሚጥላቸው የመመሪያ ወረቀቶች የለቀምኩ ሰው። ሁለተኛዋ ልጄ ናት፤ በኤክስቴንሽን ኮምፒውተር ትማራለች፣ በቀሪው ሰዓት ከእኔ ጋር ትሠራለች። ሦስተኛዋ አርሲ ነገሌ ጫጩት የሚያስፈለፍሉ ሴት ናቸው። ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን፤ በዚያ አገር ለምትከበር ሴት የሚባል ነው። አራተኛው የአዴ ሹፌር ነው። በአይሱዙ ከመቂና ከባቱ እንቁላል እየሰበሰበ ያመጣል፣ የተፈለፈለውን እስከ ሻሸመኔ ያደርሳል፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውም እሱ ነበር።

አዴ ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የሚኖሩበትን ቤት ለባንክ አስይዘው ተበድረው ነው ማስፈልፈያውን የከፈቱት። ገበሬ ቤት ለቤት የሚያስታቅፈውን እሳቸው በአንድ ክፍል፣ በማሽን ሊሠሩት። የሙቀት መቆጣጠሪያውን የሠራሁላቸው እኔ ነኝ። ሁለት የእጅ መዳፍ የማያክሉ ኮምፒውተሮች ናቸው፤ በሥራችን ቦርድ ይባላሉ። አንዱ እንቁላሉ ካለበት ክፍል ሆኖ ሙቀቱን ይለካል፣ ሌላው ቆጣሪው ካለበት ክፍል ሆኖ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል። የሚነጋገሩት በአንድ የኔትወርክ ኬብል ነው። ለኪው ድምፁ ከጠፋ ሌላው ቦርድ ማሞቂያውን ይዘጋል። ቤት እንዳይቃጠል ብዬ ነው እንዲህ ያደረግኩት፤ ዛሬም ትክክል ነበር እላለሁ።

አንድ ቀን መብራት ከልክ በላይ መጣና ለኪውን ቦርድ አቃጠለው። እኔም ከአዲስ አበባ ሁለት ቦርዶች አስመጣሁ፣ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለሱቄ መጠባበቂያ። ስሙም መልኩም ከአሮጌው ጋር አንድ ነው። ሹፌሩ ለእንቁላል መቂ ሲመጣ አዳማ ድረስ ዘልቆ ከሱቄ ወሰደው፣ እዚያ ደርሶም እኔ በስልክ እየመራሁት የአሮጌውን ሚሞሪ ካርድ አዛውሮ ሰካው። ሠራ። ምስጋና ተቀበልኩ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በእሱ ነውና። አንድ ኮምፒውተር ከኔትወርክ መሰኪያው ጋር የሚሠራው በመሃል ሆኖ በሚያናግረው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ሌላው ሰው ድራይቨር ይለዋል። እኔ «ነጂ» እለዋለሁ። ሰው የሚሠራውን ሥራ በአፉ በተፈታበት ቋንቋ ማስረዳት ካቃተው ሥራውን አላወቀውም ብዬ አምናለሁ፤ ልጄንም ያሳደግኳት በዚህ ነው። ሱቄ ውስጥ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ መካከል የሰነቀረ ሰው ካለ አስቆመዋለሁ። ደንበኞች ይስቃሉ፤ እኔ ግን አልስቅም።

ቦርዱ ከተቀየረ ብዙም ሳይቆይ አንድ ጠዋት ስልክ ተደወለ። አዴ ነበሩ።

«አከም ቡልተኒ፣ ጋሼ» ብለው እንዴት አደሩ የሚለውን እንኳን ሳይጨርሱ «ማሽኑ እንደገና ዘጋብኝ» አሉ። በስድስቱ የማሽኑ መደርደሪያዎች ላይ የነበረው እንቁላል ሊፈለፈል የቀረው ትንሽ ነው። ያ ዙር ለአንድ ትልቅ ተረካቢ የተባለ ስለነበር ከከሸፈ የባንኩ ክፍያ ይቋረጣል፤ ቤቱም ይሄዳል። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ።

«ኬብሉ የተሰካበት ላይ አረንጓዴዋ መብራት አለች?»

«አለች።»

«ከዚያስ?»

«ትንሽ ይሠራል፣ ከዚያ ይቆማል። ሹፌሬ እንደሰካው ነው ያለው። ማንም አልነካውም።»

ልጄ እየሰማች ነበር። ምንም ሳትለኝ መጠባበቂያውን ቦርድ ከመደርደሪያ አወረደች፣ እኔ ዘንድ ያለውን የካርዱን ቅጂ ከተተች፣ ኬብል ሰካች። ጥቂት ቆይታ ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረች። ነገሩ ግልጽ ነበር። ቦርዱ በመልኩ ያው ይሁን እንጂ የኔትወርኩን ሥራ የሚሠራው ቺፕ የሌላ ፋብሪካ ነው፤ አምራቹ ለማንም ሳይናገር ቀይሮታል። በካርዱ ላይ ያለው ነጂ ይህን ቺፕ አያውቀውም። ስለማያውቀውም በደፈናው፣ ለማንኛውም ቺፕ እንደሚሠራው ይሠራል፤ መብራት ያበራል፣ ከሚላከው ውስጥ ግን ብዙውን ይጥላል።

ደስ አለኝ። የበሽታውን ስም ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል።

«ገባኝ አዴ» አልኳቸው። «ችግሩ ነጂው ነው።»

«ነጂው?» አሉ።

«ነጂው ልክ አይደለም። ከአሮጌው ጋር ነው ለምዶ የኖረው። አዲሱን አያውቀውም፤ የሚያውቅ መስሎ ነው የሚሠራው።»

«እርግጠኛ ነዎት ጋሼ?»

«እዚህ በዓይኔ እያየሁት! የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል፣ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥላል። አያደርስም።»

«ያ ረቢ! ግማሹን?»

«አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ሰው የሚያታልለውም ለዚህ ነው።»

«እኔ እኮ አምኜው ነው…»

«ነገሩ ማመን አይደለም አዴ፣ መፈተሽ ነው። አሁኑኑ ያቁሙት። ሌላ ይዤልዎት እመጣለሁ። እስከዚያ ማሞቂያውን ከግድግዳው ማብሪያ፣ ቴርሞሜትሩን እያዩ በእጅዎ ያብሩ ያጥፉ።»

«እሺ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር። እኔ ስለ እንቁላሉ ደንግጠው መሰለኝ።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ «አባባ፣ ድራይቨር ቢሏቸው እኮ ይሻል ነበር» አለችኝ። «ነጂ ሲባሉ እሳቸው ሌላ…»

«ዕቃሽን ያዢ» አልኳት።

«ከሰዓት ፈተና አለብኝ።»

«መምህር ይጠብቃል፤ እንቁላል አይጠብቅም።»

አዴ የሰሙት ምን እንደሆነ አንባቢ ሳይገባው አይቀርም። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ ነጂ ማለት ለእሳቸው መኪና የሚነዳ ሰው ነው፤ በእውነቱ ለአገሩ ሁሉ እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ሻሸመኔ የሚደርሰው ጫጩት ቁጥሩ እየጎደለ ደንበኛ ማጉረምረም ከጀመረ ሰንብቷል። በሙቀት የሞተውን የአይሱዙው ረዳቶች መንገድ ላይ እየጣሉት ይሁን፣ ተቀባዩ እየዋሸ ይሁን ያረጋገጠ አልነበረም። እኔ ከአዳማ ሆኜ በዓይኔ እያየሁት ነው አልኩ። ቦርዱን የሰካውም ያው ሰው ነው። እሳቸው ምን ይጠራጠሩ?

እኛ ይህን ሳናውቅ የሻሸመኔ ሚኒባስ ያዝን። ሞጆን አልፈን ቆቃ ላይ ስደውልላቸው አይነሳም። መቂ ላይም አይነሳም። ልጄ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ ዘርግታ ለአዲሱ ቺፕ የሚሆነውን ነጂ በስልኳ ኢንተርኔት ለማውረድ ትታገላለች፤ መስመሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። የሚኒባሱ ረዳት «እመቤት፣ ቢሮ ነው የከፈትሽው? ለላፕቶፑም ሂሳብ አለው!» ይላታል። ተሳፋሪው ይስቃል። ባቱ ስንደርስ ሱቆቹ በር ላይ ጄኔሬተር ሲያንኳኳ ሰማሁ። መብራት ሄዷል ማለት ነው። ባቱ ከሄደ ነገሌም ይሄዳል ብዬ አሰብኩ፣ ደግሞ ሹፌሩ ጄኔሬተሩን ያስነሳዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ግቢው ስንደርስ ጄኔሬተሩ ዝም ብሏል። ሠራተኞቹ ሴቶች ከየቤታቸው ብርድ ልብስና ጋቢ ሰብስበው መደርደሪያዎቹን ሲሸፍኑ አገኘን። አዴ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል።

«ለምን አላስነሳችሁትም?» አልኩ።

«በምን ቁልፍ?» አሉኝ። ጄኔሬተሩ እንዳይሰረቅ የብረት ቤት ተሠርቶለት በጓጉንቸር ተቆልፏል።

«ሹፌሩ የት ሄደ?»

አዩኝ። «ያሉኝን አደረግኩ። አባረርኩት።»

«ማንን?»

«ነጂውን ነዋ! ልክ አይደለም፣ ግማሹን መንገድ ላይ ይጥላል፣ አሁኑኑ ያቁሙት አላልክም? አንተ አይደለህ?» በንዴት «አንተ» ያሉኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጄ አፏን በእጇ ያዘች። ሴቶቹ ጋቢ እንደያዙ ቆሙ። ልጄ ናት በኦሮምኛ ቀስ ብላ ያስረዳቻቸው፤ ነጂ የተባለው ሰው እንዳልሆነ፣ በቦርዱ ውስጥ ያለ ፕሮግራም እንደሆነ፣ አባቷ እንዲህ ብሎ እንደሚጠራው። አዴ እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ በሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ሌባ አልኩት» አሉ። «በእነዚህ ሁሉ ፊት። የመኪናውን ቁልፍ ወርውሮልኝ ወጣ። የዚህ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ቀረ።»

አንዷ ሠራተኛ ጆሮዋን ትሪው ላይ አድርጋ «ድምፃቸው እየቀነሰ ነው» አለች። ለመፈልፈል የተቃረበ ጫጩት ከቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል። እኔም ጎንበስ ብዬ አዳመጥኩ። ከታችኞቹ መደርደሪያዎች ቀጭን ጩኸት ይመጣል። ከላይ፣ ከመስኮቱ በኩል ካለው፣ ምንም።

ጸጸት ሥራ ያስፈታል፤ ለሌላ ሰዓት አስቀመጥኩት። ከጎረቤት ብረት በያጅ መጋዝ ለመንኩ። ጓጉንቸሩ ጠንካራ ነበር፤ እኔና ሁለት ሴቶች እየተቀባበልን ስንቆርጠው እጄ ላይ ውሃ ቋጠረ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፣ ማሞቂያውን በእጅ አበራሁት፣ ዓይኔን ቴርሞሜትሩ ላይ ተከልኩ። ከፍ ሲል አጠፋለሁ፣ ዝቅ ሲል አበራለሁ። ይህን ግን ሰው እስኪፈለፈሉ ድረስ ቆሞ ሊሠራው አይችልም። ትንሽ ካለፈ ይቀቅላል፣ ትንሽ ከዘገየ ያቀዘቅዛል።

ልጄ ቦርዱ ፊት ተቀመጠች። መስመሩ ሲመጣ ታወርዳለች፣ ሲቋረጥ ታቃስታለች። በመጨረሻ ቀና ብላ «አባባ፣ የኬብሉን ፍጥነት ላውርደው» አለችኝ። ሁለቱ ቦርዶች በከፍተኛው ፍጥነት ሲነጋገሩ ነው ነጂው የሚጥለው፤ ወደ አንድ አሥረኛው ብናወርደው ይችላል አለች።

«እሱ ጥገና አይደለም» አልኳት። «በሽታውን መሸፈን ነው። ነጂው ይውረድና በሥርዓት ይቀየር።»

«ጫጩቶቹ የሚፈልጉት ሙቀት ነው አባባ፣ ሥርዓት አይደለም።»

በሌላ ቀን ብትናገረኝ እቆጣት ነበር። አንድ ትእዛዝ ጻፈች። አረንጓዴዋ መብራት ጠፍታ እንደገና በራች። በስክሪኑ ላይ የሙቀቱ ቁጥር መጣ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ፣ ሳይዘል። ማሞቂያው በራሱ ሲበራ ማብሪያው ከወዲያኛው ክፍል ቀጭ ሲል ሰማሁ። እጄን ከግድግዳው አነሳሁ። ወደ ማታ መስመሩ ደህና ሲሆን ትክክለኛውን ነጂ አወረደች፣ ገጣጠመችው፣ ቦርዱን አጥፍታ አበራችው። ቺፑን በስሙ ጠራው። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ አልቆመም።

ከዚያ በፊት ግን፣ ማሞቂያው እንደተረጋጋ፣ ሹፌሩን ፍለጋ ወጣሁ። እህል ገበያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት፣ ስንዴ ከሚጭኑ ሰዎች ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው።

«መጡ ጋሼ? ደግሞ ምን ጣለ ሊሉ ነው?»

ሁሉን ነገርኩት።

«ኮምፒውተርም ሹፌር አለው?»

«አለው።»

«መንጃ ፈቃድስ?» አለ አንዱ ጫኝ፤ ሰዎቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። ከጃኬቱ ኪስ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሆን ብዬ አልወሰድኩትም። ጃኬቴን አንስቼ ነው የወጣሁት። እንቁላሉስ?»

«ከላይ ያለው ሞቷል።»

ጭንቅላቱን ያዘ። ራሱ መንገድ ለመንገድ የሰበሰበው እንቁላል ነው።

«ተነሳ እንሂድ» አልኩት። «ጥፋቱ የእኔ ቃል ነው፤ በሁሉም ፊት እናገራለሁ።»

«እርስዎ ነጂ ነው ያሉት ጋሼ። ስለ ዕቃ ነው ያወሩት። ሌባ ያሉት እሳቸው ናቸው። ያን ቃል ከየት አመጡት? እርስዎ ሰጧቸው?»

አልሰጠኋቸውም። እኔ የማይገባ ቃል ተናገርኩ፤ የሰማኝ ሰው እንዲያደንቀኝ እንጂ እንዲገባው አልተጨነቅኩም። እሳቸው ደግሞ ባልንጀራቸውን አስቀምጠው ሳይጠይቁ ፈረዱ። ሁለቱም ጥፋት ነው፣ አንዱ ሌላውን አያጥብም። ለልጄ ስነግራት «ታዲያ ከእንግዲህ ድራይቨር ይላሉ?» አለችኝ። አልልም። ነጂ እላለሁ፤ ግን የሰማኝን ሰው ምን እንደገባው መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ይህን ለመማር ያን ሁሉ ዕድሜ መፍጀቴ ያሳፍራል።

ቆይቶ ጉዳዩ ለሽማግሌዎች ደረሰ። በአዴ ግቢ፣ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሹፌሩ የጠየቀው ገንዘብ አልነበረም፤ ሌባ የተባለው በእነዚያ ሴቶች ፊት ስለሆነ ቃሉ በእነሱ ፊት እንዲነሳ ብቻ ነው። ሴቶቹ ተጠሩ። አዴ ተነሥተው ቆሙ፤ በዕድሜ እናቱ ይሆናሉ። «ያልሠራኸውን ነው ያልኩህ» አሉ በኦሮምኛ። «ሳልጠይቅህ ነው ያልኩህ።» ሹፌሩ ብድግ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ሁላችንም ተመልሶ መሪውን የሚይዝ መስሎን ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አለ። «ሥራውን ግን አልመለስበትም። ከእንግዲህ አንድ ጫጩት በጎደለ ቁጥር ዓይንዎን አያለሁ፤ እርስዎም ዓይኔን ያያሉ።»

አንድ ሽማግሌ ሊለምኑት ጀምረው ተዉት። ልክ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። አዴ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ቤታቸው አልሄደም፤ የተረፈው ጫጩት ዋጋ ለባንኩ ክፍያ በቅቷል። ሰውየው ግን ሄደ፤ አሁን ከላንጋኖ ማዶ አሸዋ በሚጭን ገልባጭ መኪና ላይ ይሠራል።

ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት፣ ሁላችንም እንድናውቀው፣ ጥፋቱ የበላውን እንድንናገር አዘዙን። አዴ ሳይፈለፈል የቀረውን እንቁላል ጫጩት ሆኖ ቢሸጥ በሚያወጣው ተናገሩ፤ ዘጠና ስምንት ሺህ ብር። ሹፌሩ እስከዚያ ቀን ያለ ሥራ ተቀምጦ ያጣው ደመወዝ አሥራ ስምንት ሺህ ነው። እኔ የመለስኩት የእጅ ዋጋ፣ ቦርዶቹ፣ ጓጉንቸሩና መንገዱ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ከአምስት መቶ። ልጄ ለፈተናው ስላልተቀመጠች ትምህርቱን ደግማ ለመውሰድ የከፈለችው አራት ሺህ ስምንት መቶ፤ መምህሩ አልጠበቀም። ለዕርቁ የታረደው በግ አሥራ አንድ ሺህ። ደማሪው ሽማግሌ በጣታቸው አፈሩ ላይ ጽፈው አነበቡት፦ አንድ መቶ ሃምሳ አንድ ሺህ ሦስት መቶ ብር።